ለወንጀሉ ስም ያወጣለት ሰው፡ የራፋኤል ሌምኪን ሕይወት

ማርች 15 ቀን 1921 በርሊን ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሶጎሞን ቴህሊሪያን የተባለ አርመናዊ ወጣት የቀድሞውን የኦቶማን ቱርክ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ታላት ፓሻን ከኋላው ቀርቦ በሽጉጥ ገደለው። ታላት ፓሻ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አርመኖች ከቀያቸው ተነቅለው ወደ ሶሪያ በረሃ ሲነዱና ሲጨፈጨፉ ዋነኛ ተጠያቂ ከሚባሉት ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ውስጥ በሌለበት ሞት ቢፈረድበትም በስደት ይኖርበት የነበረው የጀርመን መንግሥት አሳልፎ አልሰጠውም።

ገዳዩ ግን ወዲያው ተይዞ ለፍርድ ቀረበ።

ይህ ዜና በዚያን ጊዜ የፖላንድ ከተማ በነበረችው ልቮቭ (የዛሬዋ የዩክሬን ልቪቭ) የሕግ ትምህርት ይከታተል ለነበረው ራፋኤል ሌምኪን ከዜናነት ያለፈ ነገር ሆነበት። አንድ ሰው የገደለ ሲከሰስ፣ አንድን ሕዝብ ያስጨረሰ ለምን እንደማይከሰስ መምህሩን ጠየቀ። መምህሩ የመለሱለት በምሳሌ ነበር። ዶሮ አርቢ የራሱን ዶሮዎች ቢያርድ ጎረቤት ምን አግብቶት ይገባል፤ ከገባም ጥፋተኛው እሱ ነው። የአገር ሉዓላዊነት የሚባለውም ይኸው ነው አሉት። ሌምኪን ሰዎች ዶሮዎች አለመሆናቸውን ተናግሮ አልተቀበላቸውም። ይሁን እንጂ መምህሩ በጊዜው የነበረውን ሕግ አላዛቡም። ያን ጊዜ መንግሥታት በራሳቸው ዜጎች ላይ የሚፈጽሙትን የሚዳኝ ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም።

ቴህሊሪያን በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሁለት ቀን ብቻ በፈጀ የፍርድ ሂደት በነጻ ተሰናበተ። ወጣቱ የሕግ ተማሪ በፍርዱ ደስ ቢለውም አልረካም። ፍትሕ በተበዳይ እጅና በሽጉጥ አፈሙዝ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ሕግ የሚባለው ነገር የለም ማለት ነው። በ1926 ፓሪስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተደገመ፤ በዩክሬን ዘመዶቹ የተገደሉበት ሻሎም ሽዋርዝባርድ የተባለ አይሁዳዊ ሰዓት ሠሪ የዩክሬኑን መሪ ሲሞን ፔትሉራን ገድሎ በቀጣዩ ዓመት በነጻ ተለቀቀ። ሌምኪን ስለዚህ ጉዳይ በጻፈው ጽሑፍ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ አስቀመጠ፤ ሕዝቦችን ማጥፋትን የሚመለከት ሕግ አለመኖሩን።

ከእርሻው መንደር

ሌምኪን የተወለደው ጁን 24 ቀን 1900 ነው። የትውልድ መንደሩ ቤዝቮድኔ ዛሬ በቤላሩስ ግዛት ውስጥ የምትገኘው የቮልኮቪስክ ከተማ አካባቢ ስትሆን፣ ያኔ በሩሲያ ዛር ትተዳደር ነበር። አባቱ ዮሴፍ አርሶ አደር ነበሩ። ለአይሁድ መሬት መያዝ በተከለከለበት አገር ለማረስ፣ ከአካባቢው ሹም ጋር በጉቦና በድርድር መኖር ግድ ነበር። እናቱ ቤላ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ያስተምሩ ነበር፤ ሌምኪን ቋንቋና መጽሐፍ የወደደው ከእሳቸው ተምሮ ነው። በልጅነቱ በሮም ንጉሥ ኔሮ ዘመን ስለተሰቃዩት ክርስቲያኖች የሚተርክ ልብ ወለድ አንብቦ፣ ሕዝቡ ቆሞ ሲያይ ማንም ለምን እንዳልከለከለ እናቱን ይጠይቅ እንደነበር በኋላ ጽፏል። ገና ስድስት ዓመቱ ሳለ በአቅራቢያው በምትገኘው ቢያሊስቶክ አይሁዳውያን ተጨፈጨፉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የቤተሰቡ ቤት ተቃጠለ፤ ወንድሙ ሳሙኤልም በበሽታና በምግብ እጥረት ሞተ።

ከትምህርት በኋላ ዋርሶ ገብቶ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1933፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት ዓመት፣ ማድሪድ ላይ የወንጀል ሕጎችን ለማቀራረብ ለተጠራ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሁለት አዳዲስ ወንጀሎች በሕግ እንዲደነገጉ የሚጠይቅ ጽሑፍ አዘጋጀ። አንደኛውን አረመኔነት ብሎ ሰየመው፤ ሰዎችን የአንድ ወገን አባል በመሆናቸው ብቻ ማጥፋት ማለት ነው። ሁለተኛው የዚያን ወገን ቅርስ፣ ጥበብና ባህል ማውደም ነው። በእነዚህ ወንጀሎች የተጠረጠረ ሰው በተያዘበት አገር፣ የትም ይሁን የት፣ ሊዳኝ ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ጽሑፉ ማድሪድ ደረሰ፤ ጸሐፊው ግን አልደረሰም። የፖላንድ መንግሥት ከጀርመን ጋር መቀራረብ የጀመረበት ጊዜ ስለነበር ጉዞው ተሰናከለ። ብሔርተኛ ጋዜጦችም ለራሱ ወገን ብቻ የሚሟገት አድርገው ዘመቱበት። በቀጣዩ ዓመት ሥራውን ለቅቆ በግል ጥብቅና ሠራ።

በሻንጣ የተሸከማቸው አዋጆች

ሴፕቴምበር 1939 ጀርመን ፖላንድን ስትወር ሌምኪን ዋርሶን ጥሎ ሸሸ። በእግሩ፣ በጫካ ውስጥ፣ ከቦምብ እየተሸሸገ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ የአንድ አይሁዳዊ ዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ አስጠጋው። ጋጋሪው በመጀመሪያው ጦርነት ከጀርመኖች ጋር ተገበያይቶ ስለነበር አሁንም ኑሮው እንደዚያው የሚቀጥል መስሎታል። ሌምኪን የሂትለርን ዓላማ ሊያስረዳው ቢሞክርም ሰውየው ሊያምን አልቻለም። ቮልኮቪስክ ደርሶ ወላጆቹን አብረውት እንዲሸሹ ሲለምናቸውም መልሱ የተለየ አልነበረም። ቤታቸውን ጥለው ለመሰደድ አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ ዳግም አላያቸውም።

በሊትዌንያ በኩል ስዊድን ገባ። ስቶክሆልም ላይ እያስተማረ አንድ ያልተለመደ ሥራ ጀመረ፤ ጀርመን በያዘቻቸው አገራት ያወጣቻቸውን አዋጆች፣ ትዕዛዞችና መመሪያዎች መሰብሰብ። ሌሎች ስደተኞች ስለ ጭካኔው የዓይን ምስክርነት ይዘው ሲወጡ፣ እሱ ይዞ የወጣው የገዳዮቹን የራሳቸውን ነጋሪት ጋዜጣ ነበር። ሰው በዘሩ ተለይቶ የሚመዘገብበት፣ ንብረቱ የሚወረስበት፣ ጋብቻው የሚከለከልበት፣ የምግብ ራሽኑ በዘሩ የሚመተርበት እያንዳንዱ እርምጃ ቁጥርና ፊርማ ያለው ሕግ ነበረው። ተራ በተራ ሲነበቡ እያንዳንዳቸው አስተዳደራዊ ውሳኔ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን አንድ ዕቅድ ሆነው ይወጣሉ። የሌምኪን ትልቁ የምርመራ ውጤት ይህ ነው፤ ቃሉም የተወለደው ከዚህ ነው።

አሜሪካ የገባው ኤፕሪል 1941 ነበር። መንገዱ በሞስኮ፣ ሳይቤሪያን በሚያቋርጠው ባቡር፣ በቭላዲቮስቶክ፣ በጃፓንና በካናዳ በኩል ነው። ቀደም ሲል የፖላንድን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አብሮት የተረጎመ አንድ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በኖርዝ ካሮላይናው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ቦታ አስገኝቶለት ነበር። ያ ሁሉ የወረቀት ሸክምም ተከትሎት ገባ።

በኖቬምበር 1944 የአክሲስ ኃይሎችን በተያዘችው አውሮፓ ላይ ያራመዱትን አገዛዝ የሚመረምረው ግዙፍ መጽሐፉ ዋሽንግተን ላይ ታተመ። በዘጠነኛው ምዕራፍ ከግሪክኛ ዘርን ወይም ነገድን የሚያመለክተውን፣ ከላቲን መግደልን የሚገልጸውን ቃል አጣምሮ ጄኖሳይድ የሚል ስያሜ አወጣ። አማርኛ ይህን ሲመልስ የዘር ማጥፋት አለው። ዘር በቋንቋችን የሚዘራውንም የሚወለደውንም ስለሚሰይም፣ የአማርኛው ቃል ከመነሻው ይልቅ ለሌምኪን ሐሳብ ይቀርባል ማለት ይቻላል። ሌምኪን በቃሉ ሊገልጽ የፈለገው ጅምላ ግድያን ብቻ አልነበረም፤ የአንድን ሕዝብ የመኖር መሠረት፣ ቋንቋውን፣ እምነቱን፣ ኢኮኖሚውንና መሪዎቹን በተቀናጀ ዕቅድ መናድንም ጭምር ነበር።

ኑረምበርግ፡ ግማሽ መንገድ

ኦገስት 8 ቀን 1945 አራቱ አሸናፊ ኃያላን ለንደን ላይ የኑረምበርግን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ቻርተር ፈረሙ። ቻርተሩ ሦስት ወንጀሎችን ዘረዘረ። በሰላም ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ የጦር ወንጀል እና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል። ሦስተኛው እንዲካተት የመከረው ኸርሽ ላውተርፓክት የተባለ የካምብሪጅ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ እሱም እንደ ሌምኪን በልቮቭ የተማረ፣ እንደ ሌምኪን ቤተሰቡን በጭፍጨፋው ያጣ አይሁዳዊ ነበር። ሁለቱ ግን አንድ አቋም አልነበራቸውም። ላውተርፓክት ሕግ ሊጠብቀው የሚገባው ግለሰቡን ነው ይላል፤ ቡድንን የሕግ መለኪያ ማድረግ ወገን ከወገን የሚለይበትን ስሜት ያጠናክራል ብሎ ይሰጋ ነበር። ሌምኪን ደግሞ ሰዎቹ የተገደሉት በግለሰብነታቸው ሳይሆን በወገናቸው ምክንያት መሆኑ ካልተነገረ ወንጀሉ በእውነተኛ ስሙ አልተጠራም ብሎ ያምናል። ይህ ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። በተለይ በምሥራቅ አፍሪካ፣ የብሔር ማንነት የፖለቲካ ሁሉ መቆሚያ በሆነበት አካባቢ፣ የላውተርፓክት ሥጋት በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

የተከሳሾቹ ጠበቆች ዋና መከራከሪያ አስቀድሞ የወጣ ሕግ በሌለበት ወንጀል የለም የሚለው ጥንታዊ መርህ ነበር። ለጦር ወንጀሎቹ መልሱ ብዙም አልከበደም፤ የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ነበር። ጦርነት መጫርን በተመለከተም አቃቤያነ ሕጉ ጦርነትን የፖሊሲ መሣሪያ ማድረግን ያወገዘውን የ1928 የፓሪስ ውል ጠቀሱ። በሰብዓዊነት ላይ ለሚፈጸመው ወንጀል ግን መሠረቱ ስስ ነበር። በመሆኑም ቻርተሩ ይህን ወንጀል ከጦርነቱ ጋር አቆራኘው። ይህ ማለት ናዚዎች ከ1939 በፊት በገዛ አገራቸው ሰዎች ላይ ያደረሱት በደል በተግባር ከፍርድ ውጭ ሆነ ማለት ነው።

ሌምኪን ከአሜሪካው ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ጃክሰን ቡድን ጋር በአማካሪነት ይሠራ ነበር። ጄኖሳይድ የሚለው ቃል በክሱ ውስጥ በጦር ወንጀሎች ሥር እንዲገባ ለማድረግ ቻለ፤ ቃሉ በዓለም አቀፍ ክስ ላይ ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነው። ኑረምበርግ በነበረበት ጊዜ ነው የቤተሰቡን ዕጣ የተረዳው። ወላጆቹን ጨምሮ 49 ዘመዶቹ አልቀዋል። የተረፉት ወንድሙ ኤልያስ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው ብቻ ነበሩ። ኦክቶበር 1 ቀን 1946 ፍርዱ ሲጠናቀቅ ሌምኪን ታምሞ ፓሪስ ነበር። በፍርዱ ውስጥ ጄኖሳይድ የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም። የሕይወቱ ጨለማ ቀን አድርጎ የቆጠረው ያን ቀን ነው።

በኮሪደሩ ያለው ሰው

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሕግ ታሪክ ሊቃውንት እንግዳ ነው። መንግሥት ያልወከለው፣ ደመወዝ የማይከፍለው፣ ሻንጣው የተቦጨቀ አንድ ስደተኛ በአዲሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኮሪደሮች እየተመላለሰ ዲፕሎማቶችን ይለማመጥ ጀመር። ባዶ ቢሮ ባገኘበት ይጽፋል፣ ስልክ ባገኘበት ይደውላል። የሚያዩት የሚሸሹት ሰው ሆኖ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ተሸንፈውለታል። ወደ ኃያላኑ ብቻ አልሄደም። ኩባ፣ ሕንድና ፓናማ ሐሳቡን ወደ ጠቅላላ ጉባኤው አቀረቡለት፤ ዲሴምበር 11 ቀን 1946 ጉባኤው የዘር ማጥፋት በዓለም አቀፍ ሕግ ወንጀል መሆኑን አወጀ።

አስገዳጅ ስምምነት ለማርቀቅ ሌላ ሁለት ዓመት ወሰደ። በድርድሩ ሁለት ነገሮች ተቆርጠው ወጡ። አንደኛው የባህል ጥፋት ነው፤ ሌምኪን ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ክፍል ነበር። ሁለተኛው የፖለቲካ ቡድኖች ጥበቃ ሲሆን፣ የሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ በርካታ አገራት ተቃወሙት። ሌምኪን ስምምነቱ እንዳይፈርስ ሲል ሁለቱንም ዋጠ። ዲሴምበር 9 ቀን 1948 ፓሪስ በሚገኘው የሻዮ ቤተ መንግሥት ስምምነቱ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ፤ የሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫ ከመጽደቁ አንድ ቀን በፊት ማለት ነው። የስምምነቱ የመጀመሪያ አንቀጽ ኑረምበርግ የተወውን ቀዳዳ ደፈነ፤ ወንጀሉ በሰላምም ሆነ በጦርነት ጊዜ ቢፈጸም ያው ወንጀል ነው። ጋዜጠኞች ሌምኪንን ሲፈልጉ ሰው በተበተነበት ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኙት። ቀናት ሳይቆጠሩ ሆስፒታል ገባ። በሽታውን ሲጠየቅም ከራሱ ቃል አዲስ የበሽታ ስም ፈጥሮ፣ ለዚያ ስምምነት ሲባል የመጣ ድካም መሆኑን ገለጸ።

የመጀመሪያዋ አጽዳቂ

ስምምነቱን ከሁሉም አገር ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ጁላይ 1 ቀን 1949። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ከዓለም አቀፍ ፍትሕ ጋር የነበራት ሒሳብ አልተወራረደም ነበር። የመርዝ ጋዙ፣ የየካቲት 12ቱ እልቂትና የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ግድያ ገና ትኩስ ትዝታዎች ነበሩ። የኑረምበርጉ ቻርተር ግን ጣልያን በኢትዮጵያ ላይ የፈጸመችውን አልነካም። ኢትዮጵያ አባል ያልሆነችበት የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን፣ ሥራውን ሊጨርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በማርች 1948 አዲስ አበባ ያቀረበችውን የአሥር ጣልያናውያን ጉዳይ ተመለከተ። ከእነሱ መካከል ማርሻል ባዶሊዮና ማርሻል ግራዚያኒ ይገኙ ነበር። ኮሚሽኑ በአብዛኛዎቹ ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ አገኘ። አንዳቸውም ግን በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ወንጀል ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ግራዚያኒን የጣልያን ፍርድ ቤት በ1950 ከጀርመን ጋር በመተባበር ወንጅሎ 19 ዓመት ቢፈርድበትም በወራት ውስጥ ተፈታ። ባዶሊዮ በትውልድ መንደሩ በሰላም ሞተ።

ኢትዮጵያ በ1957 ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1949ኙ) አንቀጽ 281 የዘር ማጥፋትን ስትደነግግ ፓሪስ ላይ የተቆረጠውን መልሳ ቀጠለችው። የፖለቲካ ቡድኖችን በጥበቃው ውስጥ አካተተች። ያ አንድ ቃል ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ ወሳኝ ሆነ። የደርግ ባለሥልጣናት በ1994 ለፍርድ ሲቀርቡ ጠበቆቻቸው ዓለም አቀፉ ስምምነት የፖለቲካ ቡድኖችን አያውቅም ብለው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ የአገር ሕግ ሰፋ አድርጎ ሊጠብቅ ይችላል ብሎ ክሱን ቀጠለ። በዲሴምበር 2006 መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉት በዚሁ አንቀጽ ነው።

ያልተከፈለ ዕዳ

ስምምነቱ ጃንዋሪ 12 ቀን 1951 ሥራ ላይ ዋለ። ሌምኪን ለጥቂት ዓመታት በዬል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁነኛ ገቢ አልነበረውም። መኖሪያ ያደረጋት አሜሪካ ራሷ ስምምነቱን ልታጸድቅ አልፈለገችም። በደቡብ ግዛቶች በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመው የመንጋ ግድያ በዚህ ሕግ ይጠየቅ ይሆናል ብለው የሚሰጉ ሴናተሮች ነበሩ። በ1951 መጨረሻ ፖል ሮብሰንና ጓዶቹ አሜሪካን በጥቁሮች ላይ ጄኖሳይድ በመፈጸም የሚከስ አቤቱታ ለተባበሩት መንግሥታት ሲያቀርቡ፣ ሌምኪን በአደባባይ ተቃወማቸው፤ የሚደርሰው በደል መድልዎ እንጂ ጥፋት አይደለም አለ። ሴናቱን እንዳያስቀይም የነበረው ፍርሃት ሚዛኑን እንዳዛባው ለማየት አይከብድም። አንድ ሕዝብ በደሉን ለመግለጽ ያንን ቃል ሲይዝ የቃሉ ባለቤት ነኝ ባዩ ሲነጥቀው፣ የሕይወቱ በጣም ደካማ ገጽ ይህ ነው።

አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። ስለ ዘር ማጥፋት ታሪክ የጀመረው ትልቅ ሥራና ግለ ታሪኩ አሳታሚ አጥተው ቀሩ። ግለ ታሪኩ የታተመው ከሞቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በ2013 ነው። ለኖቤል የሰላም ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጭም አላገኘም። ኦገስት 28 ቀን 1959 ኒውዮርክ ውስጥ በልብ ሕመም ድንገት ሞተ። ቀብሩ ላይ የተገኙት ሰባት ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል።

ሌምኪን በሞተበት ጊዜ በዚህ ወንጀል ጥፋተኛ ያለ አንድም ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አልነበረም። የመጀመሪያው ፍርድ የተሰጠው አሩሻ፣ ታንዛንያ ውስጥ ነው። የሩዋንዳው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 የታባን ከተማ አስተዳዳሪ የነበረውን ዣን ፖል አካየሱን ጥፋተኛ ሲል፣ የስምምነቱን ቃላት አንድ በአንድ ፈታ። አስገድዶ መድፈርም ወገንን ለማጥፋት በታሰበ ጊዜ የዘር ማጥፋት ተግባር ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። በአሩሻ ከሠሩት የሕግ ባለሙያዎች አንዱ አቡባካር ታምባዱ የጋምቢያ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነው በ2019 ምያንማርን በሮሂንጋዎች ጉዳይ ሄግ ላይ ከሰሱ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትም በ2010 የሱዳኑን ኦማር አል ባሽርን በዳርፉር ጉዳይ በዚሁ ወንጀል ለመያዝ ማዘዣ አወጣ።

ወንጀሉን ማስረገጥ ግን ዛሬም ከባድ ነው። የሟቾች ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ወገኑን እንደ ወገንነቱ የማጥፋት ሐሳብ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ የፍርድ ቤቱ በር ራሱ ክፍት መሆን ይኖርበታል። ሱዳን በማርች 2025 የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በዳርፉር ማሳሊቶች ላይ ለተፈጸመው የዘር ማጥፋት ተባባሪ ናት በማለት በሄግ ከሳ ነበር። ኤምሬቶች ክሱን አስተባብላለች። አገሪቱ በ2005 ስምምነቱን ስትቀበል በዘጠነኛው አንቀጽ ላይ፣ አገራትን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት በሚያቆመው አንቀጽ ላይ፣ ተዓቅቦ አስመዝግባ ነበር። ዳኞቹ ሜይ 5 ቀን 2025 የመዳኘት ሥልጣን እንደሌላቸው ወስነው ጉዳዩን ከመዝገባቸው ሰረዙት። በማሳሊቶች ላይ ምን እንደደረሰ የሚመረምር የክርክር ደረጃ ላይ አልተደረሰም።